ዋና ሳንችል በሲሼልስ ደሴቶች መካከል በግል ጀልባ የዋልንበት ቀን

ከሲሼልስ ከተመለስን ወዲህ አራት ኪሎ ሰፈርም ሆነ መሥሪያ ቤት የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ነገር ነው። «ጀልባ ለብቻችሁ ተከራይታችሁ ዋላችሁ አሉ፤ እሱ የሀብታም ነገር አይደለም እንዴ? ደግሞስ ዋና የማይችል ሰው ባሕር ላይ ምን ያደርጋል?» ቡና በተፈላ ቁጥር ከመደጋገም ጽፌ ባስቀምጠው ሌላም ሰው ይጠቀምበታል ብዬ ነው።

መልሴ ብዙ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ነው። የግል ጀልባ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ዋና ለማይችል፣ እናቱን ወይም ሕፃን ልጅ ይዞ ለሚሄድ፣ ጾም ላይ ላለ ሰው ነው። ወጣትና ዋናተኛ የሆነ በጋራ ጀልባ ቢሄድ ብዙ አይቀርበትም። የጋራው ጀልባ ፕሮግራሙ ያለቀ ነው። ጥልቁ ላይ ይቆማል፣ የሚችለው ይዘላል፣ የማይችለው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የዘለሉትን ይጠብቃል። ምሳውም ለሁሉም አንድ ነው። የግሉ ግን በልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ ልካችሁን አስቀድማችሁ ከተናገራችሁ ቀኑ ለእናንተ ይሆናል። ካልተናገራችሁ ደግሞ ካፒቴኑ ለማንም የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ገንዘባችሁም ለምንም አልሆነም ማለት ነው።

እኛ ስድስት ነበርን፦ እኔና ባለቤቴ፣ እናቴ፣ እህቴ ከባሏና ከአራት ዓመት ልጇ ጋር። ከመካከላችን የሚዋኘው የእህቴ ባል ብቻ ነው፤ ባሕር ዳር ጣና ዳር ስላደገ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ጽጌንም ትጾማለች።

የሄድነው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ይህን የመረጥነው በባሕሩ ምክንያት ነው። ሲሼልስ ሁለት ነፋስ ይፈራረቅባታል። ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ከደቡብ ምሥራቅ ጠንካራ ነፋስ ይነፍሳል፣ ባሕሩም ይናወጣል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፣ ዝናቡም ይበዛል። ሁለቱ በሚቀያየሩበት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ አካባቢና በጥቅምት መጨረሻ ግድም፣ ባሕሩ ይረጋል፣ ውሃውም ይጠራል። ለእኛ አገር ቤተሰብ የሚያስቸግረው ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ፣ ልክ ነፋሱ በሚበረታበት ጊዜ መሆኑ ነው። ተማሪ ልጆች ኖሯችሁ በክረምት ከመሄድ ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ጉዞውን አትተዉት፤ ጀልባውን ግን በዋናዋ በማሄ ደሴት ሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ከቦ ቫሎን ባሕር ዳርቻ ወይም ከባይ ቴርኔ ወገን ተከራዩ። የደቡብ ምሥራቁን ነፋስ ተራራው ይከልልላችኋል።

ስለ ገንዘቡ። የግል ጀልባ ዋጋ የሚነገረው ለሙሉ ጀልባው ነው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። ለሁለት ሰው ሲታሰብ ያስደነግጣል፤ ስድስት ሰባት ሰው ሲካፈለው ግን ከጋራው ጋር ያለው ልዩነት በጣም ይጠባል። እኔ ድርሻዬን የከፈልኩት በመሥሪያ ቤት ዕቁብ ነው፤ ዕጣው ሲወጣልኝ ለሌላ ነገር ሳይበተን ቲኬት ቆረጥኩበት። ከባንክ የጉዞ ዶላር ለመግዛት ፓስፖርትና ቲኬት ስለሚጠየቅ ቲኬቱ አስቀድሞ መቆረጡ ግድ ነው። እዚያ ጀልባ አከራዮች ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚነግሩት በዩሮ ስለሆነ ምንዛሪውን ከመስማማታችሁ በፊት አስሉት።

«ሁሉንም ያካትታል» የሚል መልስ አትቀበሉ። ነዳጁስ? የባሕር ፓርኩ መግቢያስ? ምሳው፣ የሚጠጣው ውሃ፣ የዋና መነጽሩና ስኖርክሉስ (ፊት ውሃ ውስጥ ሆኖ በአፍ የሚተነፈስበት ቱቦ)? ከሆቴል መጥቶ ይወስደናል ወይ? አንድ በአንድ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። መጀመሪያ ያነጋገርነው አከራይ ከሁሉም የረከሰ ዋጋ ነገረን። ነዳጁና መግቢያው ሲጨመርበት ከሁሉም ውድ ሆኖ ተገኘ።

አዲስ አበባ ሳላችሁ የምትጨርሱት ነገር አለ። ለኢትዮጵያውያን ሲሼልስ ቪዛ አያስፈልግም፤ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ግን ከመብረር በፊት በኢንተርኔት ይሞላል፣ የመመለሻ ቲኬትና የማደሪያ ቦታ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ከእኛ አገር ለሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የግድ ነው። ክትባቱን ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቡ፤ አንድ ጊዜ ከተከተባችሁ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። እናቴ የእሷን ካርድ ከጸሎት መጽሐፏ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ስለነበር ቦሌ ላይ ቀድማ ያለፈችው እሷ ናት።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን ሂልተን ገንዳ ሄደን መለማመዳችን ነው። ውሃው ከምድር በሚወጣ ፍል ውሃ የሚሞቅ ስለሆነ የአዲስ አበባ ብርድ ሰበብ አይሆንም። ዓላማችን ዋና መማር አልነበረም፤ በዚያ አጭር ጊዜ የሚሆን ነገርም አይደለም። ፊታችንን ውሃ ውስጥ ነክረን በአፋችን ብቻ መተንፈስን ለመልመድ ነው። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ፣ የገንዳውን ጠርዝ በአንድ እጅ ይዛችሁ፣ የስኖርክሉን አፍ በጥርስ ነክሳችሁ ፊታችሁን ዝቅ ታደርጋላችሁ። መጀመሪያ ላይ አፍንጫ ስለሚዘጋ ደረት ይጨነቃል፣ ቶሎ ቀና ማለት ያምራችኋል። ትንፋሹን ረዘም፣ ቀስ ስታደርጉት ይለቃችኋል። ያ የመጀመሪያ ድንጋጤ እዚህ፣ እግር መሬት በሚነካበት ቦታ ካለፈ ባሕሩ ላይ አይመጣም።

መነጽሩ ልካችሁ መሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ማሰሪያውን ሳትጠቀሙ ፊታችሁ ላይ አድርጉትና በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ፤ እጃችሁን ስትለቁት ሳይወድቅ ከተጣበቀ ልካችሁ ነው። ሹሩባ የተሠራችሁ ሴቶች ደግሞ ግንባር ላይ ያለው ጉንጉን ከመነጽሩ ጠርዝ ሥር እንዳይገባ አድርጉ። አንዲት ዘለላ ፀጉር ከገባች ውሃ ታስገባለች። እህቴ ከመሄዳችን በፊት ሹሩባዋን ወደ ኋላ ብቻ አስጎንጉና ነው የሄደችው፤ ጥሩ አስባለች።

ለማቅለሽለሽ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ለመኪና ጉዞ የሚወሰደውን መድኃኒት ገዛን። የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል። ጀልባው ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ካልተወሰደ አይጠቅምም፤ ከጀመረ በኋላ መዋጥ ዋጋ የለውም። እንቅልፍ ያመጣል፣ ለዚያ ተዘጋጁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካፒቴኑን ከመነሳታችን ከቀናት በፊት በስልክ አገኘናቸውና የጻፍንላቸው መልእክት ይህን ይመስል ነበር። ከስድስት ሰው አምስቱ ዋና አይችሉም። አንዷ ጉልበቷን የሚያማት እናት ናት፤ ከውሃ ውስጥ በመሰላል ወደ ጀልባ መውጣት አትችልም፤ ስለዚህ ጀልባው አሸዋው ድረስ ተጠግቶ በደረጃ የሚያስወርድ ይሁን። መጸዳጃ ቤት ያለው፣ ጥላ ያለው ይሁን። ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት ይኑር። የእናታችን ምሳ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና ዓሣ የሌለበት ይሁን። ክፍት ባሕር ላይ መራቅ አንፈልግም።

ሰውየው ወዲያው መለሱ። ያሰብነውን ሩቅ መንገድ ትተው በሴንት አን የባሕር ፓርክ ውስጥ እንድንውል ሐሳብ አቀረቡ፣ የጀልባውን የኋላ ደረጃ ፎቶ አንስተው ላኩ፣ የጃኬቱን መጠን ለማወቅ የልጁን ክብደት ጠየቁ። ክብደቱን መጠየቃቸው ለእኔ ከማንኛውም የፈቃድ ወረቀት ይበልጥ አሳመነኝ። ፈቃዱንና የመድኑን ነገርም ግን ጠይቁ፤ ጨዋ ሰው አይቀየምም። ክብደት ሳይጠይቅ «ጃኬት አለ፣ ችግር የለም» ብሎ የሚያልፍ አከራይ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ቀኑንም በጾሙ መሠረት ነው የመረጥነው። ረቡዕና ዓርብ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። ባዶ ሆድ በጀልባ ላይ ማቅለሽለሽን ያብሳል፣ በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መዋልም አደገኛ ነው። ስለዚህ ሐሙስን ያዝን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤትም አለ፤ እማዬ «እኔ አልበላም፣ እናንተን ግን አልከለክልም» ብላ ጨርሳዋለች። የሲሼልስ ሰው ምስርና ሩዝ አዘውትሮ ይበላል። በኮኮናት ወተት የተሠራ የአትክልት ካሪ፣ ጥሬ ፓፓያ ተፈቅፍቆ በሎሚ የሚሠራ ማባያም አላቸው። አስቀድሞ ከተነገራቸው የጾም ምሳ ለእነሱ ችግር አይደለም፤ ጠዋት ጀልባው ላይ ከተነገራቸው ግን ያለው የተጠበሰ ዓሣና ዶሮ ነው።

በሰዓት እንዳትሳሳቱ። እነሱ 9 ሰዓት ሲሉ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የእነሱ ሰዓት ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ከሽማግሌ ጋር ስትቀጣጠሩ ሁለቱንም አስረዱ።

የተነሳነው ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ አጠገብ ካለው ከኤደን ደሴት የጀልባ ማቆሚያ ነው። ካፒቴኑ ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ሁላችንንም ጃኬት አስለበሱ፣ የልጁን ማሰሪያ በእግሮቹ መካከል አሳልፈው አሰሩት፤ ከዚያም በጃኬቱ ትከሻ ይዘው ወደ ላይ ሳብ አደረጉት። ጃኬቱ በጆሮው በኩል ወደ ላይ ካልሸሸ በትክክል ታስሯል ማለት ነው። ይህን እናንተም አድርጉት፤ ለልጅ የታችኛው ማሰሪያ ካልታሰረ ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል።

ሴንት አን ፓርክ ስድስት ትንንሽ ደሴቶችን የያዘ ሲሆን የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከማሄ በጣም ቅርብ ነው፤ የመጀመሪያውን ደሴት ለመድረስ ደቂቃዎች ናቸው የፈጁብን። ለፈሪ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የትም ሆናችሁ የማሄ ተራራ ከፊታችሁ አይጠፋም። እናቴ ነጠላዋን አገጯ ሥር አጥብቃ አስራ መጀመሪያ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ትንሽ ቆይታ ስትገልጥ ያየችው ያንን ተራራ ነው፤ «አገር ቅርብ ነው ለካ!» አለችና ከዚያ በኋላ ጸሎቷን ትታ ጨዋታ ጀመረች።

መጀመሪያ የወረድነው ሞየን ደሴት ላይ ነው። ይህችን ደሴት ብሬንደን ግሪምሾ የተባሉ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1962 ገዝተው፣ ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር ሆነው በእጃቸው ወደ 16,000 የሚሆን ዛፍ ተከሉባት። እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ ፓርክ ሆነች፣ እሳቸውም በ2012 ሲያርፉ እዚያው ተቀበሩ። በእግር ዙሪያዋን ለመዞር አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ጉልበቱን ለሚያመው ግን አንዳንድ ቦታ ዳገትና ሥር ስላለበት ከታች መቅረት ይሻላል። ከታችም ቢሆን የሚታየው ብዙ ነው፤ ትልልቆቹ የአልዳብራ ኤሊዎች ያሉት እዚያው ነውና። ወንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ጠባቂው እንዳሳየን አንገቱ ሥር ያለውን ልል ቆዳ በጣት አሸት አሸት ሲያደርጉት ኤሊው በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንገቱን ወደ ላይ ይመዝዘዋል፣ ዓይኑን በግማሽ ከድኖ አይንቀሳቀስም። ቆዳው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ትንፋሹ ደግሞ እንደታጨደ ሣር ይሸታል። የእህቴ ልጅ ቅጠል ሲያቀርብለት ኤሊው ቀስ ብሎ አፉን ከፍቶ በጠርዙ ቆረጠው። ጣት ከአፉ ራቅ ማለት አለበት፤ መንጋጋው ስለታም ነው፣ ጀርባው ላይም ልጅ አይቀመጥም።

ከሞየን በኋላ ካፒቴኑ ወገብ የማይደርስ፣ ከሥሩ አሸዋ የሆነ ቦታ አቆሙልን። እዚህ ነው የሂልተኑ ልምምድ የከፈለው። ጃኬታችንን እንደለበስን ፊታችንን ነከርን። ረዳቱ ልጅ ቀይ የመንሳፈፊያ ቀለበት በገመድ ይዞ አመጣና እኔንና ባለቤቴን በሁለት ወገን አስይዞ እየጎተተ ጠለቅ ወዳለው ወሰደን። ዋና ሳንችል ከኮራሉ (ከባሕር ሥር ድንጋይ መስሎ ከሚያድገው ሕይወት ያለው ነገር) በላይ ሄድን ማለት ነው። ዋና የማይችል ሰው ይህን ቀለበት በስሙ ይጠይቅ፤ ጀልባው ላይ አለ፣ ካልጠየቁት ግን ተሰቅሎ ይውላል።

እውነቱን ለመናገር ኮራሉ ፎቶ ላይ እንደሚታየው በቀለም ያሸበረቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የባሕሩ ውሃ ከመጠን በላይ ሞቆ በእነዚህ ደሴቶች ዙሪያ ያለው ኮራል አብዛኛው ነጥቶ ሞቷል፣ በ2016ም እንደገና ተጎድቷል። ብዙ ቦታ ግራጫ ስብርባሪ ነው፣ እዚህም እዚያም አዲስ ያቆጠቆጠ አለ። ይህን አውቃችሁ ሂዱ፤ አለዚያ ቅር ይላችኋል። ዓሣው ግን እጅግ ብዙ ነው። ሰማያዊ ትልልቅ ዓሦች ኮራሉን በጥርሳቸው ሲፍቁት ድምፁ ውሃ ውስጥ ይሰማል፤ ጥሬ በቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው። እግራችሁን ግን ኮራል ላይ አታሳርፉ፤ እሱም ይሰበራል፣ እናንተንም ይቆርጣል።

እናቴ ውሃ ውስጥ አልገባችም። አሸዋው ላይ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ዳር ዳሩን ስትራመድ ቆየች። በፓርኩ ውስጥ ወለላቸው መስታወት የሆነ ጀልባዎች ስላሉ መጥለቅ የማይፈልግ ሰው ቁጭ ብሎ ዓሣውን ማየት ይችላል፤ ሽማግሌ ካላችሁ ስትዋዋሉ አንሡት።

እህቴን ያቅለሸለሻት ጀልባው ሲሮጥ አልነበረም፣ ቆሞ ሲወዛወዝ ነው። ይህ የተለመደ ነገር መሆኑን ካፒቴኑ ነገሩን፤ ለዚህም ምሳ ጀልባው ላይ እንዳይሆን፣ ደሴት ላይ ወርደን እንድንበላ አደረጉ። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ከኋላ በኩል፣ ንፋስ በሚያገኝበት ይቀመጥ፣ ዓይኑን ሩቅ አድማሱ ላይ ያድርግ፣ ስልክ አይመልከት። እኛ ዳቦ ቆሎ ይዘን ነበር፤ ደረቅ ነገር ቀስ እያሉ ማኘክ ሆድን ያረጋጋል። የምግብ ነገር ስትይዙ አየር ማረፊያው ላይ ሲጠይቋችሁ ተናገሩ።

ፀሐይዋን አትናቁ። እኛ «የለመድነው ፀሐይ ነው» ባዮች ነን፣ ሲሼልስ ግን ከምድር ወገብ 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፣ ከውሃው የሚመለሰው ብርሃንም አለ፣ ነፋሱ ስለሚያበርድ መቃጠላችሁን አታውቁትም። ፊቱን ወደ ውሃ ደፍቶ የሚንሳፈፍ ሰው የሚቃጠለው ማጅራቱ፣ ጀርባውና ባቱ ነው። ስለዚህ ረጅም እጅጌ ያለው ቀጭን ልብስና ስስ ጥብቅ ሱሪ ለብሳችሁ ግቡ፤ ከክሬሙ የበለጠ ይከላከላል፣ ገላዋን ማሳየት ለማትወድ ሴትም ይመቻል፣ ማንም ዞሮ አያያችሁም።

ከባሕር ዳር ዛጎልም ሆነ የተሰበረ ኮራል አንሥታችሁ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ፣ ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው። በሱቅ የምታዩት ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ትልቁ የዘንባባ ፍሬም ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር አይወጣም። የፕላስቲክ ከረጢት በአገሩ የተከለከለ ነውና ልብስ መያዣ የጨርቅ ቦርሳ ከቤት ያዙ።

የጀልባውን ቀን ከቆይታችሁ መጀመሪያ አካባቢ አድርጉት። የአየሩ ሁኔታ ከከፋ ካፒቴኑ ወደ ሌላ ቀን ሊያዞርላችሁ ይችላል፤ የመጨረሻ ቀን ላይ ካስቀመጣችሁት ግን ማዞሪያ ቦታ የለም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ባሕሩ ከተናወጠና እናንተ ራሳችሁ ካስቀራችሁት ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል?» ብላችሁ ጠይቁ። በአየር ጋን የሚጠልቅ ሰው በቡድኑ ካለ ደግሞ ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አይብረር፤ ስኖርክል ብቻ ያደረገ ሰው ይህ አይመለከተውም።

ጠንከር ያላችሁና ተጨማሪ ቀን ያላችሁ ከሆነ ፕራሊን ደሴት አድራችሁ ከዚያ ኩሪዩዝና ሴንት ፒዬር የተባሉትን ደሴቶች መዞር ትችላላችሁ። ኩሪዩዝ ላይ ኤሊዎቹ በነጻነት ይንቀሳቀሳሉ፣ ማንግሮቭ በሚባሉት፣ በባሕር ውሃ ዳር በሚበቅሉ ዛፎች ጫካ መካከል የእንጨት መንገድ አለ፤ በድሮ ጊዜ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይኖሩበት የነበረ ደሴትም ነው። አእዋፍ የምትወዱ ወደ ኩዛን ደሴት ስትሄዱ የተከራያችሁት ጀልባ አሸዋው ላይ እንደማያወርዳችሁ እወቁ፤ አይጥና ነፍሳት እንዳይገቡ ሲባል ጎብኚን ከባሕር ላይ ተቀብሎ የሚያስገባው የደሴቱ ጠባቂዎች ጀልባ ብቻ ነው። እሱም ጠዋት ስለሆነ ከካፒቴኑ ጋር ስትዋዋሉ የመነሻ ሰዓታችሁን በእሱ ልክ አድርጉት።